ገብስ ይዘን ወረፋ የጠበቅንበት ወፍጮ

አባቴን ለንደን ያስመጣኋቸው ላስቀራቸው ነው። ይህን ግን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ለእሳቸውም ጭምር። "ስድስት ወር አብረን እንክረም" ብዬ ነው ትኬቱን የላክኩላቸው። እሳቸውም አምነው፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ፋሲካ እንዳለፈ አንዲት ሻንጣና አንድ ጃንጥላ ይዘው ከች አሉ። ጃንጥላው ምንድን ነው ብላቸው "ዝናብ አለ ሲሉ ሰምቼ" አሉኝ። በዚያ እንኳ ስለ ለንደን ከእኔ የተሻለ አውቀው ነበር፤ እኔ የመጣሁ ቀን ነጠላ ጫማ ነው ያደረግኩት።

ብቻዬን ደቡብ ለንደን ስቶክዌል፣ ካውንስል በሚሉት የማዘጋጃ ኪራይ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር የምኖረው። ሥራዬ በስተሰሜን፣ አርችዌይ ነው፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሰው አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ። ኖርዘርን ላይን የሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር ከቤቴ ሥራዬ ድረስ በቀጥታ ስለሚወስደኝ፣ በእነዚያ በሁለቱ ጣቢያዎች መካከል ያለችው ለንደን ለእኔ የምድር ውስጥ ጨለማ ነበረች። ከላይ ምን እንዳለ ለማየት ጊዜውም ፍላጎቱም አልነበረኝም።

አባቴ ባለ ወፍጮ ናቸው። ከደብረ ብርሃን ራቅ ብላ ባለች አንዲት የገበያ ከተማ ውስጥ አርባ ዓመት የሞተር ወፍጮ አሠርተዋል። እኔ ለትምህርት ብዬ ወጣሁ፣ አገሩ ሲታመስ ጥገኝነት ጠየቅኩ፣ ወረቀቱ ሲጓተት ሲጓተት አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። በመካከሉ እናቴ ሞተች። አልቀበርኳትም። እሷ ካረፈች በኋላ አባቴ "እጄ ተንቀጠቀጠ" ብለው ወፍጮውን ለአክስቴ ልጅ ትተው፣ ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። እኔ እዚህ የሰው አባት እያጠብኩ የራሴ አባት እዚያ በረንዳ ላይ! በቃ፣ ማምጣት አለብኝ፣ ካመጣሁ ደግሞ አልመልስም አልኩ።

መጥተውም ግን ያው ተቀመጡ። ከበረንዳ ወደ ሶፋ መዛወር ነው እንጂ ምን ለውጥ አለው። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ መስኮቱ ሥር ናቸው፣ ስመለስም መስኮቱ ሥር ናቸው። የሠራሁትን ሲበሉ "እጅሽ ይባረክ" ከማለት በቀር ቃል አይወጣቸውም። የእረፍት ቀኔን ሠውቼ ድልድዩን አሳየኋቸው፣ ቤተ መንግሥቱን አሳየኋቸው፣ ፈረሰኞቹን አሳየኋቸው። ሁሉንም አይተው "ደግ ነው" ይላሉ። እኔ ደግሞ ችኩል ነኝ፤ እናቴ "ይቺ ልጅ ውሃ እስኪፈላ አትጠብቅም" ትለኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት እሑድ፣ ከቅዳሴ ስንመለስ፣ ትኬቱን ማሳጠር ይቻል እንደሆነ ጠየቁኝ። ደሜ ፈላ። አይቻልም አልኳቸው። ይቻል ነበር።

የመጀመሪያውን ወፍጮ ያገኘነው በእኔ ስህተት ነው። ብሪክስተን ገበያ ውለን ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡሱን በተቃራኒ አቅጣጫ ይዤው ኖሮ፣ ዳገቱን ሲወጣ ነው የነቃሁት። ተሳሳትኩ ማለት ሞት መስሎ ስለሚታየኝ "አቋራጭ አውቃለሁ" ብዬ አስወረድኳቸውና ወደ ውስጥ ገባን። ሁሉም ቤት አንድ ዓይነት፣ ሁሉም መንገድ አንድ ዓይነት። ሽንኩርትና ድንች ተሸክመን ስንዞር ቆየን። ከአንዱ ጥግ ብቅ ስንል ግን ከሣሩ ዳር ጥቁር፣ ረጅም፣ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ ግንብ ከነአራት ክንፉ ተገትሯል። ስድስት ዓመት ስቶክዌል ስኖር፣ ከቤቴ በእግር በሚደረስበት ቦታ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር።

አባቴ ቆሙ። "የድሮ ምሽግ ነው" አልኳቸው፤ የማላውቀውን መናገር አመሌ ነው። እሳቸው ግን መሬት ላይ የተጋደመ ክብ ድንጋይ አይተው ኖሮ ወደዚያ ሄዱ፣ ጎንበስ ብለው ዳሰሱት፣ ከመሃል ወደ ዳር የተቆረጡትን ቦዮች በጣታቸው አንድ በአንድ ተከተሉ። ከዚያ ቀና ብለው ክንፎቹን አዩ። ድንጋዩን አዩ። ደግመው ክንፎቹን አዩ። "በነፋስ?" አሉና ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። ለንደን ከመጡ የመጀመሪያ ሳቃቸው ነው። በሩ ተቆልፎ ነበር፣ ክንፎቹም አይዞሩም። እሳቸው ግን ግንቡን እንደ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ጊዜ ዞሩት። ማታ እራት ሁለቴ አስጨመሩ።

በማግስቱ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሮጥኩ። እዚያ የምትሠራዋ ሴት፣ ለንደን ውስጥና ዙሪያዋን ያለ ወፍጮ ሁሉ ንገሪኝ ስላት መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። ለአባቴ ነው አልኳት። ያን ጊዜ ተነስታ አንድ ክምር ወረቀት ይዛልኝ መጣች። ለካ ይቺ ከተማ ዱሮ ወፍጮ በወፍጮ ነበረች! ይህ ሁሉ ሕዝብ ምን ሲበላ ኖሮ ነው ብዬ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። የነፋሱ ኮረብታ ኮረብታውን፣ የውሃው ወንዝ ወንዙን ይዞ፣ ለንደን እየሰፋች ስትሄድ ውጣቸው ቀርታለች። የተረፉት ጥቂቶች ናቸው፤ ለእኛ ግን በቂ ነበሩ።

ከዚያ ወዲያ እረፍቴ ሁሉ ወፍጮ ሆነ። ዊምብልደን ሜዳው ላይ ያለውን አየን። ክሮይደን አካባቢ በመኖሪያ ቤቶች መሃል የተሸጎጠውን አየን። መርተን በአንዲት ትንሽ ወንዝ ላይ መንኮራኩሩ ዛሬም የሚዞር አየን፤ እዚያማ አባቴ ከወንዙ ዳር አልነሣም ብለው ምሳችን በረደ። በየአውቶቡሱ ላይ ያወሩኝ ጀመር። ይህ ውሃውን ከላይ ነው የሚቀበለው፣ ያኛው ከሥር፤ ይህን የሠራው ሰው ብልህ ነው፣ ያኛውን የሠራው ሰነፍ ነው። መቶና ሁለት መቶ ዓመት የሞላቸውን ሙታን እንደ ጎረቤት ያሟቸዋል። እኔም ከመስማት አልፌ መከራከር ጀመርኩ።

ቦው ያለው ግን ለጠብ ዳረገን። እዚያ ያለው ትልቅ ወፍጮ ይሠራ የነበረው በባሕር ሙላት ነው። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላና ወንዙን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ውሃው ሲገባ መዝጊያው ይከፈትለታል፣ ሲሞላ ይዘጋበታል፤ ባሕሩ ሲጎድል የታገተው ውሃ ይለቀቅና መንኮራኩሩን ያዞራል። አስጎብኚዋ ያለችውን እንዳለ ተረጎምኩ። አባቴ ወንዝ ወደ ኋላ አይሄድም አሉ። ይሄዳል ነው የሚሉት አልኩ። ወንዝ ወደ ኋላ ከሄደማ ምጽአት ደርሷል አሉ። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ብለን ድልድዩ ላይ ጠበቅን። ከታች ውሃው ላይ አንድ ባዶ ጠርሙስ ወደ ባሕሩ አቅጣጫ እየተንሳፈፈ ነበር። ቀስ አለ። ቆመ። ሳንድዊቻችንን ስንጨርስ ጠርሙሱ ወደ መጣበት ወደ ላይ መመለስ ጀመረ። "አበስኩ ገበርኩ" አሉ አባቴ አማትበው። ስቶክዌል እስክንደርስ ስለዚያ ጠርሙስ ነው ያወራነው። ትኬት የማሳጠሩ ነገር በዚያው ሰሞን ተረሳ፤ እኔም ልቤ ቅቤ ጠጣ።

በግንቦት መጨረሻ የቤተ መጻሕፍቷ ሴት አንድ ወረቀት አቆየችልኝ። ከለንደን በስተደቡብ፣ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ርቆ ያለ የመንደር የውሃ ወፍጮ፣ ባንክ ሆሊደይ በሚሉት የሕዝብ በዓል ሰኞ ለሕዝብ ክፍት ይሆናል፣ ድንጋዩም ይፈጫል ይላል። ለአባቴ አነበብኩላቸው።

"ይፈጫል?" አሉ።

"ይፈጫል ነው የሚለው።"

"ታዲያ ባዶ እጅ ወፍጮ ቤት ይኬዳል እንዴ?"

እውነቱን ልናገር፤ አሥራ አንድ ዓመት ፈረንጅ አገር ኖሬ እኔም ምንም ስህተት አልታየኝም። ወፍጮ ይፈጫል ከተባለ እህል ይዞ መሄድ ነው፤ ከዚህ ሌላ ወፍጮ ቤት ምን ጉዳይ አለ? ቅርፊቱ የተነሣለት ገብስ አምስት ኪሎ ገዛን። አባቴ በሶ ይሁን አሉ። በመጥበሻ ስቆላው የጭስ ማስጠንቀቂያው አገር ይያዝልኝ አለ፣ ጎረቤቴ ግድግዳውን ደበደበ፣ አባቴ ወንበር ላይ ወጥተው በፎጣ አራገቡ። ገብሱን በትራስ ልብስ ውስጥ ጨምረን አፉን በገመድ አሰርነው። በባቡሩ ላይ ጭናቸው ላይ አድርገውት ሄዱ።

ደርሰን ስናይ ሰዉ ልጆቹን በጋሪ እየገፋ፣ ካሜራ አንግቶ፣ አይስክሬም እየላሰ ይገባል ይወጣል። እህል የያዘ አንድም ሰው የለም። ያን ጊዜ ነው ክው ያልኩት። አባቴ ግን ቅር አላላቸውም፤ በር አጠገብ ከቆመች ሴት ኋላ ተሰለፉና ከረጢቱን እግራቸው ሥር አኖሩ። ሴትየዋ ተራ የምትጠብቀው ሽንት ቤት ለመግባት ነበር።

ወፍጮውን የሚያሠራው ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት የሰፈረበት ሽማግሌ እንግሊዝ ነበር። አባቴ ኋላ ላይ አንቱ ነበር የሚሉት፤ እኔ ግን በእንግሊዝኛው ለምጄ አንተ እላለሁ፣ ይቅር ይበለኝ። ጡረታ ወጥቶ በነፃ ነው የሚሠራው። ከረጢቱን አይቶ ምንድን ነው ሲለኝ ነገርኩት። መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ሳቀ፣ ለክፋት ግን አይደለም። ከአያቱ ዘመን ወዲህ የሰው እህል እዚህ ሲፈጭ አያስታውስም፤ አሁን ለጎብኚ ማሳያ ትንሽ ስንዴ ብቻ ነው የሚፈጩት። ዙሪያችንን ያለው ሁሉ ዘወር ብሎ አየን። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

"ምን አሉ?" አሉ አባቴ።

"ወረፋ ጠብቁ ነው የሚለው።"

ምን ላድርግ፤ ፊታቸውን እያየሁ "አይፈጭልዎትም፣ ለማሳያ ነው" ማለት አቃተኝ። ወረፋ ማለት ምን እንደሆነ ደግሞ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ጥላ ፈልገው፣ ከረጢታቸውን ጎናቸው አድርገው ተቀመጡ። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለት ሰዓት አለፈ። ሻይ ልግዛ እያልኩ እሸሻለሁ፤ ተመልሼ "አባባ፣ ባቡሩ ያመልጠናል፣ እንሂድ" እላለሁ። እስካሁን ጠብቀን ወረፋ ጥለን እንዴት እንሄዳለን ይሉኛል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ውሸቴ የት ላይ እንደሚፈታ ማሰብ ጀመርኩ።

ሰዉ አልቆ በሩ ሊዘጋ ሲል እንግሊዙ ወጥቶ አያቸው። ለምን እንዳልሄዱ ጠየቀኝ። ያልኳቸውን ነገርኩት፤ በእንግሊዝኛ ሲነገር ደግሞ የባሰ ያሳፍራል። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ከረጢቱን አነሣና ትከሻው ላይ አደረገው።

"ተራቸው ደርሷል በያቸው" አለኝ።

ውሃው ተለቀቀ፣ ቤቱ ከመሠረቱ ተንቀጠቀጠ፣ ገብሳችን ወረደ። አባቴ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ድንጋዩን ሰሙት። ዱቄቱ ከሚወርድበት ሥር መዳፋቸውን ዘረጉ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መሃል አሹት፣ አሸተቱት። እኚህን ሰው አመስግኚልኝ አሉኝ፤ ከዚያ ድንጋይዎ ደንዝዟል በያቸው። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልልም አልኩ፤ ሰው ውለታ ውሎልን! "በያቸው" አሉኝ። በዚያ ድምፅ ሲያዙኝ ከልጅነቴ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። አልኩት።

ሰውየው አውቃለሁ አለ። የደነዘዘ ድንጋይ እህሉን አይቆርጠውም፣ ይጨፈልቀዋል፤ ዱቄቱም ይግላል። ሲደነዝዝ የላይኛው ድንጋይ ይነሣና ቦዮቹ በብረት እንደገና ይወቀራሉ። እዚያ ይወቅር የነበረው ሰው ከሞተ ቆይቶ ኖሯል፣ ይህኛው ደግሞ ከመጽሐፍ እያየ ነው የሚሞክረው። አባቴ ይህን ሲሰሙ እጃቸውን ዘረጉ። ከአንጓቸው እስከ ጣታቸው ከቆዳቸው የጠቆሩ ነቁጦች አሉ፤ ሲወቅሩ ከብረቱ እየተፈናጠረ የተቀበረ ነው። ልጅ ሆኜ ቆሻሻ ይመስለኝና ትምህርት ቤት ሲመጡ አፍር ነበር። እንግሊዙ ቀረብ ብሎ አየ፣ ከዚያ የራሱን ግራ እጅ አወጣ። እሱም ሦስት አለው። አባቴ ቆጠሩለትና "ጀማሪ ናቸው" አሉኝ። ይህን ሳላዛባ ተረጎምኩ፤ ሰውየው እስኪያስለው ሳቀ።

እንዲወቅሩለት ለመናቸው። ችግሩ ቀኑ ነበር። እዚያ በነፃ የሚያገለግሉት ሰዎች የሚመጡት ቅዳሜና እሑድ ነው፤ አባቴ ደግሞ በሁለቱም ሰንበት ድንጋይ አይነኩም። አገር ቤት ሳሉም ገበያተኛ ለምኖ፣ ተቆጥቶ፣ ቅዳሜ አስከፍቷቸው አያውቅም። እንግሊዙ ራሱን አከከና በረቡዕ ይሁን አለ፤ እሱ ብቻውን ይከፍትልናል። እኔም ሱፐርቫይዘሬን ለምኜ ረቡዕ ረቡዕ ኦፍ ወሰድኩ። ረቡዕ ደግሞ ጾም ነው። የሰውየው ሚስት በየሳምንቱ ኬክ ትልካለች፣ እኔ ወተትና እንቁላል አለው እያልኩ እመልሳለሁ። አንድ ረቡዕ ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላል ጋግራ ላከች። ከወፍጮው ድንጋይ አይለይም ነበር፤ አባቴ ፍርፋሪውን ሳይቀር በሉት።

የመጀመሪያው ቀን እጃቸው ተንቀጠቀጠ። መውቀሪያው ከቦዩ ወጥቶ ሁለቴ ሳተባቸው። አየሁ፤ እንግሊዙም አየ፤ አይቶ ደጅ የሚሠራ ነገር አለኝ ብሎ ወጣ። ደጅ ምንም የሚሠራ ነገር አልነበረውም። በሁለተኛው ረቡዕ ቀነሰ። በአራተኛው ከጠዋት እስከ ምሳ ምታቸው አልተዛነፈም። ሰውየው አጠገባቸው ተንበርክኮ ይማራል፣ እሳቸው በአማርኛ ይቆጡታል፣ እኔ መሃል ቆሜ ግማሹን እተረጉማለሁ፣ ግማሹን ለሰላም ብዬ እውጣለሁ።

ስለ እናቴም የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው። ቤት ፊት ለፊት ተቀምጠን ያልወጣቸውን፣ ዓይናቸው ድንጋዩ ላይ፣ እጃቸው ሥራ ላይ ሆኖ አወጡት። ስንት ቀን እንደተኛች፣ ማን ማን እንደጠየቃት፣ ምን እንዳማራት። ባለመቅበሬ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። መውቀሪያውን አስቀመጡ።

"'አትጥሯት፣ ወረቀቷ ይበላሻል' ያለችው ራሷ ናት" አሉኝ። "እኔ ልጠራሽ ነበር።"

ከዚያ መልሰው መውቀር ጀመሩ። እኔ ወጥቼ ወንዙ ዳር አለቀስኩ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ስመለስ እንግሊዙ ምን እንደሆንኩ ሳይጠይቅ ሻይ ሰጠኝ።

ድንጋዩ ያለቀው አዲስ ዓመት ሊገባ ሲል ነው። አዲስ የተወቀረ ድንጋይ መጀመሪያ የሚያወጣው ዱቄት አሸዋ አለው፤ አገር ቤት ሴቶቹ "ዛሬ ተወቅሯል" ከተባሉ ተራቸውን ለሰው ይለቃሉ። አባቴ የመጀመሪያውን ለዳክዬዎቹ አስደፉት። ሁለተኛውን ሰውየው በጣቶቹ አሸው። ልም ነው፣ ቀዝቃዛ ነው። የአባቴን ትከሻ ይዞ ቆመ። እሳቸውም እጃቸውን እጁ ላይ ጫኑ፤ ለዚያች ጊዜ እኔ አላስፈለግኩም።

በባቡር ስንመለስ አባቴ ያንጎራጉሩ ነበር። እኔ በልቤ ተሳካልኝ አልኩ። የሚሠሩት አገኙ፣ ወዳጅ አገኙ፣ ልጃቸው አጠገባቸው ናት፣ ሌላ ምን ይፈልጋሉ? ቪዛቸው ሊያልቅ አምስት ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። ለመቅረት አፕላይ የሚደረግበትን ፎርም ካስመጣሁ ቆይቻለሁ፤ ሞልቼ ከፎጣዎቹ ሥር ደብቄዋለሁ። የእሳቸው ፊርማ ብቻ ነው የጎደለው።

በማግስቱ ከቁርስ በኋላ አወጣሁትና ያሰብኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። ምን ብለሽ እንደጻፍሽ አንብቢልኝ አሉ። መጦሪያው ውስጥ ስንት ፎርም ሞልቻለሁ፣ ምን ሲባል እንደሚፈቀድ አውቃለሁ። በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። አመልካቹ ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው ሞታለች። በአገራቸው የሚረዳቸው ሰው የለም። ሥራ መሥራት አይችሉም። በሁሉ ነገር የልጃቸው ጥገኛ ናቸው። አባቴ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"ስመጣ እንዲህ ነበርኩ" አሉ። "ያኔ ብታነቢልኝ እፈርም ነበር።"

"ወረቀት ነው እኮ አባባ፣ ለወረቀት ያህል ነው።"

"እንግዲያው ሌላ ጻፊ። ወፍጮ ይወቅራል፣ እጁ ደህና ነው በይ። እሱን እፈርምልሻለሁ።"

እስክሪብቶውን ይዤ ቀረሁ። ይህን መጻፍ አልችልም። ወፍጮ የሚወቅር ሰው ጥገኛ አይባልም፤ ጥገኛ ካልተባለ ደግሞ አያስቀሩትም። ስንት ሳምንት ከሥራ እየቀረሁ፣ በባቡር እያመላለስኩ፣ አባቴን የሚወስድብኝን ነገር በገዛ እጄ ሳበጅ ከርሜያለሁ።

ቱግ አልኩ። ያልተናገርኩት የለም። እዚያ ማን አለዎት አልኩ፣ እኔስ ልጅዎ አይደለሁም ወይ አልኩ፣ ሲታመሙ ማን ያጥብዎታል አልኩ። እንደ ልጅ በሩን ድርግም አድርጌ መኝታ ቤት ገባሁ፤ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። እሳቸው በሩ ማዶ ቆመው፣ የአክስትሽ ልጅ ሲወቅር ይቸኩላል፣ ሰዉ አሸዋ እየበላ ነው አሉኝ። ማጽናናታቸው መሆኑ ነው።

ሳይፈርሙ፣ ቪዛቸው ሊያልቅ ሲል፣ እንዳኮረፍኩ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘኋቸው። እንግሊዙ ከነሚስቱ መጥቶ ነበር። በጨርቅ የተጠቀለለ የራሱን መውቀሪያ ሰጣቸው፤ ሻንጣው ውስጥ እንዲገባ ሁለት ሹራብ አውጥቼ በእጄ ያዝኩ። አባቴ ግንባሬን ሳሙኝና "ወፍጮውን ያገኘሽልኝ አንቺ ነሽ" አሉኝ። ኩርፊያዬ አልወጣልኝም ነበርና አልመለስኩላቸውም። ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል።

ሦስት ሳምንት ቆይቼ ከወፍጮ ቤታቸው ጎን ወዳለው ሱቅ ደወልኩ። ባለሱቁ ሊጠራቸው ሄደ። ከሩቅ የሞተሩ ድምፅ ይሰማኛል፣ በላዩ ላይ የሴቶች ድምፅ፣ የአህያ ድምፅ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ሁለት ቀን ሙሉ ቃላት ስመርጥ ነበር። አባቴ እያለከለኩ መጥተው "ሃሎ" ሲሉ "አባባ፣ ያን ቀን እኔ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ልጄ፣ ደህና ነሽ?" አሉኝ አቋርጠው። "አራት ሰው ጤፍ ይዞ ቆሞብኛል። እሑድ ደውዪ።"

ዘጉብኝ። ከዚያ ሁሉ ርቀት ደውዬ፣ ገና ነገሬን ሳልጨርስ፣ ጆሮዬ ላይ ዘጉብኝ። ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆሜ፣ እየሳቅኩም እያለቀስኩም፣ "እሺ አባባ፣ ይሂዱ" አልኩ ለተዘጋው ስልክ።